ለደነዘዘ እግር የትኛው ይሻላል? ካልሲ፣ ሶል፣ ምንጣፍ ወይስ ቴርሞሜትር

ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሞላሌ አጎቴ ቤት ነበርኩ። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማታ ሁላችንም ምድጃውን ከበን ተቀምጠናል። ድንገት የተቃጠለ ጠጉር ሸተተን። የአጎቴ ባለቤት እትዬ ባናው (የሱፍ ብርድ ልብሱ) እሳት የነካው መስሏቸው ብድግ አሉ። ባናው አልነበረም። የአጎቴ፣ የጋሼ፣ የሱፍ ካልሲ ነው። እግራቸውን ፍሙ አጠገብ ዘርግተው ወሬያቸውን ቀጥለዋል። ምንም አልተሰማቸውም።

ካልሲውን ስናወልቀው ውስጥ እግራቸው እንቁላል የሚያህል ውሃ ቋጥሯል። ጋሼ ስኳር ካገኛቸው 14 ዓመት ሆኗቸዋል። ያ ቁስል እስኪድን አምስት ወር ፈጀ።

አሜሪካ ያለችው ልጃቸው ይህን ስትሰማ ደነገጠች። ሙቀት የሚለካ ካልሲ ገዝታ ላከች። ካልሲው በሰላም ደረሰ። አፑ ግን እምቢ አለ። ለካ አገልግሎቱ እዚያው አገር ያለ ሐኪም የሚያዘው፣ በየወሩም የሚከፈልበት ነው። ጋሼ ግን አልከፋቸውም። እንደ ተራ ካልሲ አጠለቁትና "ደግሞ ይሞቃል!" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ነው በስኳር የደነዘዘ እግርን ከቁስል ለመጠበቅ የተሠሩ መሣሪያዎችን አንድ በአንድ ማገላበጥ የጀመርኩት። ሐኪም አይደለሁም፤ ዕቃም አልሸጥም። የኩባንያ ስምም አልጠራም። ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ ወይም ሸዋ ሮቢት ላለ ሰው የትኛው ይሠራል የሚለውን ብቻ ነው የማየው።

ከመግዛታችሁ በፊት እግሩን ፈትሹ

ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ረጃጅሞቹን ነርቮች ቀድሞ ይጎዳል። ከሁሉም የሚረዝመው ደግሞ እስከ እግር ጣት ጫፍ የሚወርደው ነው። መጀመሪያ ላይ ሰው "እግሬን ያቃጥለኛል"፣ "ጉንዳን ይሄድብኛል"፣ "ጥጥ ላይ የምረግጥ ይመስለኛል" ይላል። ከዚያ ዝም ይላል። ብዙ ሰው ያኔ "ተመስገን፣ ተሻለኝ" ይላል። ማቃጠሉ የቆመው ነርቩ ድኖ ላይሆን ይችላል። ደንዝዞም ይሆናል።

ድንዛዜውን ቤት ውስጥ መፈተሽ ይቻላል። መሣሪያ አያስፈልግም። ሰውየው ጫማና ካልሲ ያወልቅ፤ ዓይኑን ይጨፍን። እናንተ የሁለቱንም እግር ትልቁን፣ መካከለኛውንና ትንሹን ጣት ጫፍ በጣታችሁ ነካ አድርጉ። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ብቻ፣ ሳትጫኑ፣ ሳትደባብሱ። በተነካ ቁጥር "አዎ" ይበል። ከስድስቱ ሁለቱን ወይም ከዚያ በላይ ካልሰማ እግሩ ስሜት አጥቷል ማለት ነው። ጤና ተቋም ሲሄድ በቀጭን የናይለን ክር በደንብ ይመረምሩታል።

ይህን ሳታውቁ ስለ መሣሪያ ማውራት ትርፉ ድካም ነው። ስሜቱ ያልጠፋ ሰው ስማርት ካልሲ አያስፈልገውም። ስኳሩን ይቆጣጠር፣ ጫማውን ያስተካክል፣ በዓመት አንድ ጊዜ እግሩን ያስመርምር፤ በቃ። ስሜት የጠፋበት ሰው ግን ሌላ ነው። ከሁሉም በላይ አደጋ ላይ ያለው ቆስሎ የዳነው ሰው ነው። ቁስላቸው ከዳነላቸው ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና ይቆስላሉ። ስለዚህ "ድኗል" የሚባለው እግር ነው ብዙ ጥበቃ የሚፈልገው።

በምን እንመዝናቸው?

በአምስት ጥያቄ መዘንኳቸው።

አንደኛ፣ የሚለካው ምንድን ነው? ሙቀት፣ ጫና ወይስ ስኳር? ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ሁለተኛ፣ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ ማን ይሰማዋል? ሰምቶስ ምን ያደርጋል? እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ይህን ነው። ውጭ አገር ማስጠንቀቂያው ወደ አንዲት ነርስ ይሄዳል፤ እሷ ትደውላለች። እዚህ ያቺ ነርስ የለችም። ማስጠንቀቂያው ወደ እናንተ ነው የሚመጣው።

ሦስተኛ፣ መብራት፣ ኔትወርክ፣ ስማርት ስልክና ወርሃዊ ክፍያ ይፈልጋል ወይ?

አራተኛ፣ ከኑሯችን ጋር ይሄዳል ወይ? ቤት ስንገባ ጫማ እናወልቃለን። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም በጫማ አይገባም። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እሳት ሳይሞቁ ማደር የለም። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ወርዳ ሙቀት ናት፤ ካልሲ የሚያደርግ ሰው ራሱ ጥቂት ነው።

አምስተኛ፣ የዓመቱ ወጪ ስንት ነው? የመግዣውን ዋጋ ብቻ አትዩ። በየስድስት ወሩ የሚቀየር ካልሲና ለአምስት ዓመት የሚያገለግል ቴርሞሜትር በአንድ ዓይን አይታዩም።

በእጅ የሚያዝ ቴርሞሜትር

ይህ አይለበስም፤ አውቃለሁ። ግን ሙቀት የሚለኩት ካልሲዎችና ምንጣፎች ሁሉ የተነሡት ከዚሁ ሐሳብ ነው። ስለዚህ ከእሱ እጀምራለሁ።

ቆዳ ከመቁሰሉ በፊት ከሥሩ ያለው ሥጋ በተደጋጋሚ ጫና ይቆጣል። የተቆጣ ሥጋ ይሞቃል። ጤነኛ ሰው ያንጊዜ ያመውና ያነክሳል፤ እግሩን ያሳርፋል። የደነዘዘው ግን አይሰማውምና ይራመድበታል። ሙቀቱ ሕመሙ ሊናገር የሚገባውን ይናገራል።

ይህ ትምህርት ከሥጋ ደዌ ሕክምና ጋር ዝምድና አለው። ቀዶ ሐኪሙ ፖል ብራንድ ህንድ ውስጥ ሥጋ ደዌ ያለባቸውን ሰዎች ሲያክም ቆየ። የብዙዎቹ እግር የሚጎዳው ሕመም ስለማይሰማቸው መሆኑን አሳየ። በኋላ አሜሪካ፣ ካርቪል በሚባለው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሆኖ ያንኑ ዕውቀት ለስኳር ሕሙማን እግር አዋለው። አዲስ አበባ ያለው፣ በሥጋ ደዌ ሕክምና የሚታወቀው አለርት ሆስፒታልም ለደነዘዘ እግር የሚሆን ጫማ በመሥራት የቆየ ልምድ አለው። ስለዚህ ነገሩ ለአገራችን ባዕድ አይደለም።

አለካኩ እንዲህ ነው። ጠዋት፣ ጫማና ካልሲ አውልቆ፣ ከእሳትና ከፀሐይ ርቆ 10 ደቂቃ ያህል መቀመጥ። ከዚያ የሁለቱንም እግር ስድስት ስድስት ቦታ መለካት፦ የትልቁ ጣት ውስጥ፣ ከትልቁ፣ ከመካከለኛውና ከትንሹ ጣት ሥር ያሉት አጥንት የሚያርፍባቸው ቦታዎች፣ የውስጥ እግር መሐል፣ ተረከዝ። የቀኙን ከግራው ማነጻጸር። ልዩነቱ ከ2.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከበለጠና በማግስቱም እንዲያው ከሆነ፣ እርምጃ መቀነስና ጤና ባለሙያ ጋ መሄድ ነው።

ለምሳሌ ግራው ትልቅ ጣት 27.4፣ ቀኙ 30.1 ቢሆን ልዩነቱ 2.7 ነው። ሁለቱም እግር ቢበርድ ችግር የለውም። የምንፈልገው ልዩነቱን ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ስሌቱን የማያበላሸው ለዚህ ነው። የሚያበላሸው አንዱን እግር ወደ ምድጃው ጠጋ አድርጎ መቀመጥ ነው።

ማስረጃውስ? እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አሜሪካዊ ጥናት 225 ሰዎች ለ18 ወር ተከታተሉ። በየቀኑ ሙቀት ከለኩት የቆሰሉት 4.7 በመቶ ነበሩ፤ ካልለኩት 12.2 በመቶ። ጥሩ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ በ304 ሰዎች ላይ የተሠራ የቅርብ ጊዜ ጥናት ግን ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሶበታል። በጠቅላላው ሲታይ ልዩነቱ አሳማኝ ሆኖ አልተገኘም። የተጠቀሙት ሙቀቱ ሲጨምር እርምጃቸውን የቀነሱት ናቸው። ለክቶ መንገዱን የቀጠለ ሰው ያው ነው።

አንድ የመግዣ ምክር። ኮቪድ ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረው ዓይነት ቴርሞሜትር ይሠራል፤ ግን ሁሉም አይደለም። ብዙዎቹ ለሰውነት ሲስተካከሉ ከ32 ዲግሪ በታች ቁጥር አያወጡም። የደጋ ሰው እግር ደግሞ ጠዋት ከዚያ በታች ነው። የዕቃ ሙቀት ወደሚለካበት መቀየሪያ ያለው ፈልጉ። ሱቁ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ደግኑት። ቁጥር ካላወጣ ተዉት። አንድ ቦታ ሦስት ጊዜ ለኩ፤ ቁጥሩ ከተዘባረቀም ተዉት።

ድካሙ ግን አለ። በየቀኑ አሥራ ሁለት ቁጥር መጻፍ ቀላል አይደለም። በሳምንቱ የሚሰለች ብዙ ነው። በጋሼ ቤት የያዘው እትዬ ስለሚለኩ ነው። ጋሼ ዓይናቸውም ደክሟል፤ የራሳቸውን ውስጥ እግር ማየት አይችሉም።

ሙቀት የሚለካ ካልሲ

ያንኑ ሥራ ራሱ ይሠራል። ጨርቁ ውስጥ ቀጫጭን ሴንሰሮች ተሸምነዋል። ቀኑን ሙሉ ለክተው በብሉቱዝ ወደ ስልክ ይልካሉ። ቁጥር መጻፍ የለም፤ ማስታወስም የለም። ሰውየው ካልሲ ካደረገ አበቃ። ለሚረሳ ሰው፣ ብቻውን ለሚኖር ሰው፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጫማ ሲወልቅም እግር ላይ ይቀራል። ቅዳሴ ላይ፣ ቤት ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ አብሮ ነው። ከዚህ አንጻር ከሶሉ ይልቅ ለኛ ኑሮ ይቀርባል።

ችግሩ ከካልሲው ጀርባ ያለው ነው። የአንዳንዶቹ ባትሪ አይሞላም፤ በስድስት ወር ካልሲው ራሱ ይቀየራል። በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ከውጭ ማስመጣት ማለት ነው። አፑ የሐኪም ትእዛዝና ደንበኝነት የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ የኛው ታሪክ ይደገማል። በኦሞ አሽቶ ጨምቆ ምድጃ ዳር ማስጣትም አያዋጣም። ጨርቁ ያንን ይችል እንደሆነ ሳትጠይቁ ብትገዙት ጉዱን የምታዩት ከታጠበ በኋላ ነው።

አንድ ቁም ነገር ደግሞ አለ። እሳት ዳር ለተቀመጠ ሰው ካልሲው እግሩንና ምድጃውን መለየት ይቸግረዋል። የአንድ ምሽት ማስጠንቀቂያ ስለ ቁስል ይሁን ስለ ፍም አይታወቅም። እውነቱን ለመናገር የጋሼ ካልሲ ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ያ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያም አይጠላም ነበር።

ጫና የሚለካ ሶል

ጫማ ውስጥ ይነጠፋል። የትኛው የእግር ክፍል ለረጅም ጊዜ እንደተጫነ ይለካል። ጫናው ሲቆይ ስማርት ሰዓት ላይ ወይም ስልክ ላይ ይጮሃል። "ተቀመጥ"፣ "ክብደትህን ወደ ሌላው እግር አዛውር" እንደማለት ነው። ልዩነቱን ልብ በሉ። ቴርሞሜትሩና ካልሲው ጉዳቱ ከጀመረ በኋላ ነው የሚናገሩት። ሶሉ ጉዳቱ ሳይጀምር ይናገራል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ቆስለው በዳኑ 58 ሰዎች ላይ ሞከረው። ማስጠንቀቂያው በሰዓታቸው በደረሳቸው ላይ 4 ቁስል፣ ባልደረሳቸው ላይ 10 ቁስል ተመዘገበ። ከተከታተሉት ቀን ብዛት ጋር ሲሰላ 71 በመቶ ቅናሽ ነው። ማስታወቂያው ላይ የምታዩት 71 ብቻውን ነው። 4 እና 10 የሚሉት ቁጥሮች ግን ጥናቱ ትንሽ መሆኑን ይነግሯችኋል። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ያለቀለት ነገር ግን አይደለም።

እኛ ጋ ሲመጣ ምን ይሆናል? ሶሉ የሚሠራው ጫማው እስከተደረገ ድረስ ነው። ጋሼ ቅዳሴ ቆመው ሁለት ሰዓት ሲቆዩ ነው እግራቸው የሚጎዳው። ያን ሰዓት ሶሉ ከጫማው ጋር ደጀ ሰላም ቀርቷል! ደብረ ብርሃን ቢሮ ለሚውል፣ ቀኑን ሙሉ የቆዳ ጫማ ለሚያደርግ ሰው፣ ለመምህር፣ ለዘበኛ፣ ይጠቅማል። ጭቃ ውስጥ በቦቲ ለሚውል ገበሬ፣ ቆላ ላይ በሸበጥ ለሚሄድ ሰው፣ አይሆንም። ሸበጥ ላይ የት ይነጠፋል?

በየቀኑ ወይም በየጥቂት ቀኑ ቻርጅ መደረግ አለበት። ጫማውም ሶሉን የሚያስገባ ጥልቀት ይኑረው። ጠባብ ጫማ ውስጥ ተጨማሪ ሶል መጠቅጠቅ ጣት ይልጣል። ለመከላከል የገዛችሁት ዕቃ ራሱ ያቆስላል።

ምንጣፉ

ቤት ውስጥ የሚነጠፍ ነው። በቀን አንዴ ለ20 ሰከንድ ቆመው ይወርዳሉ። ሙቀት ለክቶ ራሱ ወደ ክትትል ማዕከል ይልካል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት 129 ሰዎች ለ34 ሳምንት ተጠቀሙበት። ከቁስሎቹ 97 በመቶውን ቀድሞ አወቀ፤ በአማካይ 37 ቀን ቀድሞ። የሚገርም ነው። ግን በከንቱም ብዙ ጮኋል፤ የውሸት ጥሪው መጠን 57 በመቶ ነበር። ማዕከል በሌለበት አገር ያን ሁሉ የውሸት ጥሪ ማን ያጣራዋል? አንድ እግር ለተቆረጠ ሰውም ማነጻጸሪያ የለውም። አንዱን እግር ከሌላው የሚያወዳድሩት ሁሉ ይህ ችግር አለባቸው፤ ቴርሞሜትሩም ጭምር።

ቁስል ላለበት፦ ጀሶ ወይም ቡት

አሁን ቁስል ካለ ከላይ ያለውን ሁሉ ተዉት። ሴንሰር ቁስል አያድንም። ውስጥ እግር ላይ ያለ ቁስል የሚድነው ክብደት ሲነሣለት ነው። ዓለም አቀፍ መመሪያዎች አስቀድመው የሚመርጡት እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ በራስ የማይወልቅ ጀሶ ወይም ቡት ነው። የደም ዝውውርና ኢንፌክሽን ከተመረመረ በኋላ ማለት ነው።

"የማይወልቅ" የሚለው ለምን? እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በሚወልቅ ቡት ላይ ድብቅ እርምጃ ቆጣሪ አስገብቶ ተከታተለ። ሰዎቹ ቡቱን ያደረጉት ከእርምጃቸው 28 በመቶው ላይ ብቻ ነበር። ቤት ሲገቡ ያወልቁታል። እኛም እንደዚያው ነን፤ እንዲያውም እንብሳለን።

ክንድ ላይ የሚለጠፍ የስኳር መለኪያ

እግርን አያይም፤ ምንጩን ነው የሚያየው። አንዱ ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ይቆያል። ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው ጥሩ ነው። ለእግር ብላችሁ ግን አትግዙት። ያንን ገንዘብ ለተራው የጣት ደም መለኪያና ለስትሪፕ ብታውሉት ረጅም ጊዜ ይሄዳል።

ከነጭራሹ የማትገዙት

በባትሪ የሚሞቅ ካልሲ። ብርድ አገር ስለሆነ ሰው ደስ ብሎት ይገዛዋል። ለደነዘዘ እግር ግን እግር ላይ የታሰረ ምድጃ ነው። የሙቅ ውሃ ኮዳ አልጋ ውስጥ መክተትም ያው ነው። እግር ሲበርድ ሰፋ ያለ የሱፍ ካልሲ ይበቃል። መንዝ ተቀምጦ ሱፍ የሚያጣ የለም።

አጥብቆ የሚይዝ ካልሲም ሳይመረመሩ አይደረግም። የደም ሥሩ የጠበበ ሰው ላይ ጉዳት ያመጣል። እግር የሚያሽ ማሽንንም ተዉት።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | የሚለካው | መብራትና ኔትወርክ | ጫማ ሲወልቅ | የዓመት ወጪ | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|
| ልክ የሆነ ጫማ፣ መስታወትና ዓይን | ምንም፤ ይከላከላል | አይፈልግም | መስታወቱ ይሠራል | ዝቅተኛ | ለሁሉም |
| በእጅ የሚያዝ ቴርሞሜትር | ሙቀት | ባትሪ ብቻ | ይሠራል | ዝቅተኛ | ስሜት ላጣ፣ የሚለካለት ሰው ላለው |
| ስማርት ካልሲ | ሙቀት | ስልክ፣ ኔትወርክ፣ ደንበኝነት | ይሠራል | ከፍተኛ፤ ይቀየራል | ቆስሎ ለዳነ፣ ብቻውን ለሚኖር |
| ስማርት ሶል | ጫና | ቻርጅ፣ ሰዓት ወይም ስልክ | አይሠራም | ከፍተኛ | ቆስሎ ለዳነ፣ ቀኑን በጫማ ለሚውል |
| ምንጣፍ | ሙቀት | ኔትወርክና የክትትል ማዕከል | በባዶ እግር ነው | በጣም ከፍተኛ | ማዕከል ላለበት አገር |
| ጀሶ ወይም የማይወልቅ ቡት | ምንም፤ ጫና ያነሣል | አይፈልግም | አይወልቅም | መካከለኛ | አሁን ለቆሰለ |

እንግዲህ ማን ምን ይግዛ?

ብር ካጠረ መጀመሪያ ጫማ። ይህን የምለው መሣሪያ ስለምጠላ አይደለም። ደረቅ ኮንጎ ጫማ ውስጥ የተነጠፈ ስማርት ሶል ቀልድ ስለሆነ ነው። ጫማው ከውስጥ ከእግር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይርዘም። ከሰዓት በኋላ፣ ቆማችሁ ለኩ፤ ያኔ እግር ያብጣል። ስሜት የሌለው ሰው "ልክ ነው" ቢላችሁ አትመኑት። ሲሰማው የኖረው ጠባብ ጫማ ብቻ ስለሆነ ሰፊው "ይወልቅብኛል" ይላል። ካርቶን ላይ እግሩን አስቀምጡና በእርሳስ ዙሩት። ቆርጣችሁ ጫማው ውስጥ ክተቱት። ካርቶኑ ከታጠፈ ጫማው ጠባብ ነው። ከማድረጋችሁ በፊት ደግሞ ጫማውን ገልብጣችሁ አራግፉ። እሾህ፣ ጠጠር፣ ሳንቲም፣ ሁሉም ይወጣል።

ስሜት ለጠፋበት ግን ቆስሎ ለማያውቅ፣ ጫማው ላይ ቴርሞሜትርና የእጅ መስታወት ጨምሩ። ከዚህ በላይ ማውጣት እኔ አልመክርም።

ቆስሎ ለዳነ ሰው ሁለት ጥያቄ አለኝ። ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚለካለት ሰው አለ? ካለ ቴርሞሜትር ይበቃዋል። ከሌለና ኔትወርክ ካለ፣ ልጆቹም ከሩቅ ሊከታተሉት ከቻሉ፣ ካልሲው ገንዘቡን ያወጣል። ቀኑን በጫማ የሚውል ከሆነ ሶሉ ይሻለዋል። ሁለቱንም አንድ ላይ መግዛት ትርፍ ነው።

ለቆላው ሰው፣ ለቀወትና ለሸዋ ሮቢት፣ ካልሲውንም ሶሉንም ተዉት። ጀርባው የተዘጋ፣ ወፍራም ሶል ያለው፣ ሰፋ ያለ ጫማ ፈልጉ። ማታ ማታ ጣቶች መሐል እዩ፤ ላብና እርጥበት እዚያ ነው ቆዳን አለስልሶ የሚልጠው።

ቤተ ክርስቲያን ለሚያዘወትር ሰው፣ ንጹሕ ወፍራም ካልሲ፣ መቋሚያና የሚያርፍበት ቦታ ያስፈልገዋል። ሲወጣ እዚያው ቅጥር ውስጥ ካልሲውን አውልቆ እግሩን ይመልከት። የንስሐ አባትን ማማከርም አይከፋም። ጋሼ አማክረው አሁን ቁጭ ብለው ነው የሚያስቀድሱት።

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ። ቁስል ሳይኖር አንዱ እግር ድንገት ካበጠ፣ ከቀላና ከሞቀ፣ ባያምም፣ ወለምታ ነው ብላችሁ ወጌሻ ጋ እንዳትወስዱት። ሻርኮ የሚባል ነገር ሊሆን ይችላል። አጥንቱ እየላላና እየተሰበረ ነው ማለት ነው። መታሸት ያባብሰዋል። እግሩን ሳትረግጡ የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ። ለዚህም ቢሆን ያ ተራ ቴርሞሜትር ይጠቅማል፤ ልዩነቱን ወዲያው ያሳያል።

የትኛውንም ብትገዙ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ይህን ጻፉ፦ ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ለማን እንደውላለን? የትኛው ጤና ጣቢያ እንሄዳለን? ከሞላሌ ደብረ ብርሃን የሚያደርስ መኪና በስንት ሰዓት ይነሣል? ያን ቀን ከብቶቹን ማን ይጠብቃል? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ጋሼን እግራቸውን ከማሳረፍ የሚያግዳቸው ግን እሱ ነው። የጎረቤት ልጅ ከብቶቹን ለመያዝ ከተስማማ በኋላ ነው ቴርሞሜትሩ መሥራት የጀመረው።

ውጭ ያለ ዘመድ "ምን ልላክ?" ሲላችሁ

ዕቃው ያለ ሐኪም ትእዛዝና ያለ ደንበኝነት ይሠራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አፑ ኢትዮጵያ ውስጥ ይከፈታል ወይ? ኢንተርኔት ሲጠፋ ቁጥሩን ያሳያል ወይ? ሲበላሽ የሚለውጠው አለ ወይ? ከአራቱ አንዱ "አይ" ከሆነ ገንዘቡ ለሌላ ይዋል። በካርቶን የተለካውን እግር በሳንቲ ሜትር ንገሩትና ሰፊ ጫማ ይላክ። ስፌቱ የማይቆረቁር፣ ነጭ ካልሲ ይላክ። ነጭ የሆነበት ምክንያት አለው፤ ደምም መግልም ወዲያው ይታይበታል።

የጋሼ ልጅ ዘንድሮ ስድስት ጥንድ ነጭ ካልሲ ላከች። እትዬ ግን አልተዋጠላቸውም። "ነጭ ካልሲ፣ በዚህ ጭቃ? አጣቢዋን አብራ በላከቻት!" አሉ። ጋሼ እግራቸውን ለልኬት ዘርግተው ይጠብቃሉ። ጠዋት ጠዋት ሰላምታቸው ተቀይሯል፦ "ዛሬ ስንት ነኝ?"